በጽሑፍ ያለ ይወረሳልን?

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል።» ይህችን አባባል ሳይሰማ ያደገ ተማሪ ያለ አይመስለኝም። እኔም በልጅነቴ ሰምቻታለሁ፤ በኋላ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ደግሞ የዓመቱን የመጀመሪያ ክፍለ ጊዜ የምከፍተው በእሷ ነበር። ሰሌዳው ላይ እጽፋታለሁ፣ ተማሪዎቹ ይገለብጧታል፣ ከዚያ ስለ ቃልና ስለ ጽሑፍ ልዩነት አንድ ሰዓት ሙሉ እደሰኩራለሁ። እውነትነቷን ተጠራጥሬ አላውቅም። ጥርጣሬውን ያመጣብኝ የፈላስፋ መጽሐፍ አይደለም፤ የእህቴ ልጅ ናት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእህቴ ልጅ የምትኖረው ሚኒሶታ ነው፤ የሒሳብ ሠራተኛ ናት። የዘጠኝ ዓመት ልጅ አላት። ልጁ ሲወለድ ጀምሮ ሴሬብራል ፓልሲ የሚባለው ችግር አለበት። ጭንቅላቱ የሚያዘውን እጁ በትክክል አይፈጽምለትም፤ ምላሱም እንደዚያው። ሁሉን ይሰማል፣ ሁሉን ያውቃል፣ ቀልድ ሲሰማ ከሁሉም ቀድሞ የሚስቀው እሱ ነው። መናገር ግን አይችልም። የሚናገረው በታብሌት ነው። ታብሌቱ ላይ ሥዕልና ቃል ያለባቸው ትንንሽ ቤቶች ተደርድረዋል። አንዱን ሲነካ ታብሌቱ ቃሉን ጮክ ብሎ ይናገርለታል። አብዛኛው እንግሊዝኛ ነው፤ ጥቂቶቹን ግን እናቱ በራሷ ድምፅ በአማርኛ ቀድታለታለች፦ «ውኃ»፣ «እንጀራ»፣ «አቅፊኝ»፣ «ተዉኝ»።

እዚህ ላይ አንድ ችግር አለ። እጁ የሚንቀጠቀጥ ልጅ ጠፍጣፋ መስተዋት ላይ ከሰማንያ ቤቶች መካከል አንዷን ነጥሎ መንካት ይከብደዋል። ጣቱ ይንሸራተታል፣ መዳፉ ሌላውን ቤት ይነካል። ለዚህ መፍትሔው ኪጋርድ የሚሉት ነገር ነው። መቼም ስሙ ያስፈራል እንጂ ዕቃው ቀላል ነው፤ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው የፕላስቲክ ክዳን። ታብሌቱ ላይ ይገጠማል፣ በእያንዳንዱ ቤት ትክክል አንድ ቀዳዳ አለው። ልጁ እጁን ክዳኑ ላይ ያሳርፋል፣ ምንም አይነካም፤ ጣቱን ወደሚፈልገው ቀዳዳ ይሰድዳል፣ የቀዳዳው ጠርዝ ይይዝለታል። በቃ ይኸው ነው። ለእኛ አንድ ቁራጭ ፕላስቲክ፣ ለእሱ አንደበት።

ይህ ክዳን ትናንት የተፈለሰፈ አይምሰላችሁ። በኤሌክትሪክ ታይፕራይተር ዘመንም እጃቸው ለማይታዘዝላቸው ሰዎች ከቁልፎቹ በላይ የሚቀመጥ ቀዳዳማ ሳህን ይሠራ ነበር። ልዩነቱ የት መሰላችሁ? የታይፕራይተር ቁልፍ ብረት ነው፤ ከቦታው አይነሳም። ክዳኑ አንድ ጊዜ ከተገጠመ ታይፕራይተሩ እስኪያረጅ ያገለግላል። የታብሌቱ ቁልፍ ግን ሥዕል ነው። ሠሪው ባሰኘው ሌሊት ሥዕሉን ወዲያ ወዲህ ሊያደርገው ይችላል።

አደረገውም። አንድ ቀን ጧት ልጁ ሲነሳ መናገሪያው ታድሶ ጠበቀው። ከላይ ያለችው ቃል የሚጠራቀምባት መስመር ጥቂት ሰፍታለች፤ በዚህ ምክንያት ከሥሯ ያሉት ቤቶች በሙሉ ወደ ታች ወርደዋል። የወረዱት ጥቂት ሚሊሜትር ነው። ቀዳዳዎቹ ግን አልወረዱም። ልጁ «ውኃ» የሚል ቀዳዳ ውስጥ ጣቱን ሲሰድድ የሚያርፈው በሁለት ቤቶች ድንበር ላይ ሆነ፤ አንዴ «ውኃ» ይላል፣ አንዴ ከላዩ ያለውን «ተዉኝ» ይላል። አስቡት እንግዲህ፤ ውኃ ጠምቶት እናቱን «ተዉኝ» የሚል ልጅ። እሷም ትተወዋለች። ሁለት ቀን እንዲህ ከሆነ በኋላ ልጁ ታብሌቱን መንካት አቆመ። ሲሰጡት ፊቱን ያዞራል።

«ታዲያ ምን ቸገረሽ፣ አዲስ ክዳን ማሠራት ነው!» አልኳት በስልክ።

«ጋሼ፣ እኔም እንደዚያ ብዬ ነበር» አለችኝ።

ክዳኑን የምትሠራው ራሷ ኖሯል። ኦፕንስካድ የሚባል ፕሮግራም አለ። በእጅ አይሣልበትም፤ ቁጥር ይነገረዋል፦ ስንት ረድፍ፣ ስንት ዓምድ፣ የማኅደሩ አፍ ወርዱና ቁመቱ ስንት ሚሊሜትር፣ የላይኛዋ መስመር ስንት። ቁጥሩን ሲቀበል ክዳኑን ራሱ ይቀርጸዋል፤ ስሪ ዲ ፕሪንተር ደግሞ ያትመዋል። ቁጥሮቹ ተቀምጠው ለሌላ ጊዜ ይጠበቃሉ። ክዳን ለመሥራት የተዘጋጁትን እንዲህ ያሉ ንድፎች በጎ ፈቃደኞች ለወላጆች በነፃ ይሰጣሉ። እግዚአብሔር ይስጣቸው እንጂ ምን ይባላል።

እሷም ከሦስት ዓመት በፊት ያስቀመጠችውን ቁጥር አወጣች። ያቺን የላይኛዋን መስመር ብቻ ለወጠች። ግን የንድፍ ፕሮግራሙም በሦስት ዓመት ውስጥ ታድሷል። ከድሮዎቹ ጥያቄዎች አንዳንዶቹ ስማቸው ተቀይሯል፣ አንዱ ለሁለት ተከፍሏል፣ አዳዲሶችም ተጨምረዋል። የተቀመጠው ፋይል የሚያውቀው የድሮውን ስም ነው። ፕሮግራሙ ድሮ የሚያውቀውን ስም ሲያጣ አልጮኸም፤ «ይህንን አላውቀውም» ብሎም አልተናገረም። ዝም ብሎ የራሱን ቁጥር ሞላበት። ክዳኑ ታትሞ ወጣ። ሲያዩት ያምራል። ሲገጥሙት ግን ቀዳዳዎቹ ከድሮውም ብሰው ተገኙ። የሰዓታት ሥራና ያ ሁሉ ፕላስቲክ ቅርጫት ገባ።

«ጋሼ፣ አስቀምጬው ነበር እኮ» አለችኝ፤ ድምፅዋ ሰለል ብሎ። «አስቀምጬው ነበር።»

ይህች «አስቀምጬው ነበር» የምትል ቃል ሌሊቱን ሙሉ አላስተኛችኝም። ምክንያቱም እኔም አስቀምጬው የነበረ ነገር ነበረኝ።

ከዚያ በፊት ግን ወደ ኋላ ሄድ ልበል። ፊደላችንና ቁልፍ ከተዋወቁ ዘመን የለውም፤ ትውውቃቸውም ሰላማዊ አልነበረም። የላቲን ታይፕራይተር የተሠራው ለ26 ፊደላት ነው። የኛዎቹ 33ቱ በሰባት ሲባዙ 231 ናቸው፤ እነ ቈ፣ ኈ፣ ኰ፣ ጐን ከነዘርማንዘራቸው ስትጨምሩ ደግሞ ቁጥሩ ከዚያ ያልፋል። ለአራት ዐሥር ቁልፍ በተሠራ መኪና ላይ ይህንን ሕዝብ እንዴት ታሰፍረዋለህ? በ1920ዎቹ ኢንጂነር አያና ብሩ ይህንን ጥያቄ ይዘው ተነሡ፤ የአማርኛ ታይፕራይተርን ታሪክ የሚያነሳ ሁሉ የሚጀምረው ከእሳቸው ነው። መፍትሔው ፊደሉን ገነጣጥሎ መምታት ሆነ፤ መጀመሪያ ዋናውን አካል፣ ከዚያ እግሩን ወይም ክንዱን ወይም ቀለበቱን ለብቻ። በኋላ ቢሮዎቻችንን የሞላው የኦሊቬቲ ታይፕራይተርም በዚሁ መንገድ ነበር የሚሠራው። የድሮ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ያያችሁ ታስታውሳላችሁ፤ የ«ሉ» እጅ ከትከሻዋ ተነጥላ ትታያለች፣ የ«ሌ» ቀለበት ተንጠልጥላለች። የቁም ጽሑፍ ያስለመዱን ሊቃውንት እያዩ አዝነው ይሆናል። ቢሆንም ይነበብ ነበር። ወረቀቱ እስካለ ድረስ ዛሬም ይነበባል። ይህችን ነገር ያዙልኝ።

ቀጥሎ ኮምፒውተር መጣ። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን፣ ከእነሱም ግንባር ቀደም የሆኑት እንደ አቶ ፍስሐ አጥላው ያሉ ሰዎች፣ ፊደላችንን ኮምፒውተር ላይ ማስፈር ጀመሩ። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. እነ ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ ደግሞ በኢሜይል ለሚጻጻፉ ሰዎች አማርኛን በላቲን ፊደል በአንድ ወጥ ደንብ የመጻፊያ መንገድ ነደፉ፤ «ሴራ» ይባላል። ስሙን ሰምታችሁ እንዳትደነግጡ፣ የተንኮሉ አይደለም። አገር ቤትም አጋፋሪ፣ ፓወር ግዕዝ፣ ቪዥዋል ግዕዝ የሚሉት ስሞች ከጸሐፊዎች አፍ የማይጠፉበት ዘመን ደረሰ። በ1985 ዓ.ም. የፕሬስ ዐዋጅ ከወጣ በኋላ እንደ እንጉዳይ የፈሉት ጋዜጦችና መጽሔቶች ያለ እነዚህ ፕሮግራሞች ባልታሰቡም ነበር። ውለታቸው ትልቅ ነው።

አሠራራቸው ግን አንድ ጣጣ ነበረበት። የዚያን ጊዜው ኮምፒውተር ለአንድ ፎንት የሚሰጠው 256 ቤት ነው፤ ከዚያውም ላይ ለራሱ የሚያስቀረው አለ። ስለዚህ አንዳንዱ ፊደሉን ለሁለትና ለሦስት ፎንት ከፈለው፣ አንዳንዱ እንደ ታይፕራይተሩ ገነጣጠለው። ሁሉም በየፊናው ነበር የሠራው። ኮምፒውተሩ «ለ»ን አያውቃትም፤ የሚያውቀው የቤት ቁጥር ነው። አንዱ ሠሪ «ለ»ን ባስቀመጠባት ቤት ሌላው «መ»ን ሊያስቀምጥባት ይችላል፤ ከልካይ አልነበረውም። ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ደግሞ ቤቷ ውስጥ የላቲን ፊደል ወይም አንድ ዝባዝንኬ ምልክት ተቀምጦ ይጠብቃችኋል። «ፎንቱንም አብረህ ላክልኝ» የምትባለዋን ዐረፍተ ነገር የዚያ ዘመን ሰው ሁሉ ያውቃታል። ማተሚያ ቤት ስንሄድ በአንድ ፍሎፒ ጽሑፉን፣ በሌላ ፍሎፒ ፎንቱን ይዘን ነበር የምንሄደው።

የእኔ «አስቀምጬው ነበር» እዚህ ላይ ነው። በ1991 ዓ.ም. ጎጃም ወርጄ ከአክስቴና ከጎረቤቶቿ ሙሾ ሰበሰብኩ። አክስቴ በአካባቢው የታወቀች አልቃሽ ነበረች። ዐይኗ ደክሞ ነበር፣ ማንበብም መጻፍም አትችልም፤ ነገር ግን ከሠላሳ ዓመት በፊት ለማን ቀብር ምን ብላ እንዳለቀሰች ትነግረኛለች። ለሟቹ ብቻ ሳይሆን ለሟቹ በሬ፣ ለማሳው፣ ለተጣላው ወንድሙ ሁሉ የተገጠመ አለ። በካሴት ቀዳሁ፣ በደብተር ገለበጥኩ፣ አዲስ አበባ ተመልሼ ክፍላችን ባለችው አንዲት ኮምፒውተር ላይ ሌሊት ሌሊት ተየብኩ። ስድሳ ሦስት ሙሾ ሆነ። በሁለት ፍሎፒ አስቀመጥኩት። ከዚያስ? ካሴቶቹ ላይ ሌላ ነገር ቀዳሁባቸው። ደብተሩንም ቤት ስቀይር ጣልኩት። ተይቦ ያለቀ ነገር ደብተሩ ምን ያደርጋል ብዬ! በጽሑፍ ያለ ይወረሳላ!

አክስቴ በ1996 ዓ.ም. ዐረፈች። ያን ጊዜ ሙሾዎቹን አላወጣኋቸውም፤ ልቤ እምቢ አለኝ። ፍሎፒ ሲቀር ወደ ሲዲ፣ ሲዲ ሲቀር ወደ ፍላሽ እያስገለበጥኩ ይዣቸው ዞርኩ፤ እንደ ታማኝ ባላደራ። ከብዙ ዓመት በኋላ አንድ ወጣት ተመራማሪ ስለ ጎጃም ሙሾ ሊጠይቀኝ መጣ። ኩራት ኩራት እያለኝ ፍላሹን ሰካሁ። ፋይሉ ተከፈተ። ከላይ እስከ ታች ግን የላቲን ፊደልና ሳጥን፣ ነጠላ ሰረዝና የዶላር ምልክት ነው። ስድሳ ሦስት ገጽ ዝባዝንኬ። ልጁ በአክብሮት ዝም አለ። እኔም ቡና አፈላንለትና ሸኘሁት። አክስቴን ሁለተኛ የቀበርኩ ያህል ነው የተሰማኝ።

እንግዲህ የፎንቱ ሠሪ በደለኝ አልልም። እሱ የዚያን ዘመን ችግር በዚያን ዘመን አቅም ፈታ። ጨዋታውን የለወጠው ሌላ ነገር ነው፤ ለውጡም መልካም ነበር። ዩኒኮድ የሚባለው የዓለም ፊደላት መዝገብ በ1999 እ.ኤ.አ. ባወጣው 3.0ኛ እትሙ የግዕዝ ፊደልን ተቀበለ። ለእያንዳንዷ ፊደል የራሷ የማይነካ ቁጥር ተሰጣት። በ2005 እ.ኤ.አ. ለሰባት ቤት ጉራጌ፣ ለብሊንና ለሌሎችም ቋንቋዎች የሚያስፈልጉ ፊደላት ተጨመሩ፤ የዜማ ምልክቶቻችንም፣ እነ ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ጭረት፣ አብረው ገቡ። በ2010 እና በ2021 እ.ኤ.አ. ሌላ ተጨመረ። በ2007 እ.ኤ.አ. የወጣው ዊንዶውስ ቪስታ ኒያላ የሚባለውን ፎንት ይዞ ስለመጣ ማንም ሰው ምንም ሳይጭን አማርኛ ማንበብ ቻለ። ዛሬ ልጆቻችን በስልካቸው በአማርኛ ሲቃለዱ የሚያድሩት በዚህ ሥራ ላይ ተቀምጠው ነው።

ዩኒኮድ ከገባቸው ቃል ኪዳኖች አንዱ ከሁሉም ይበልጥብኛል። አንዲት ፊደል አንድ ጊዜ ቁጥር ከተሰጣት ያ ቁጥር አይነጠቅባትም፤ ወደ ሌላ ቤትም አትዛወርም። ስሟ ውስጥ ስሕተት ቢገኝ እንኳ ማረሚያ ይታከልበታል እንጂ ስሙ አይለወጥም። መጀመሪያ ሳነብበው ግትርነት መስሎኝ ነበር። የእህቴን ልጅ ካነጋገርኩ በኋላ ግን ገባኝ። የሚኒሶታው ልጅ ቃላቱን የሚያገኛቸው በዐይኑ ብቻ አይደለም፤ በእጁ ትዝታ ነው። «ውኃ» የት እንዳለች እጁ ያውቃል፣ እኛ የመብራቱን ማብሪያ በጨለማ እንደምናገኘው። የቃሉን ቤት ሲያነሱበት የሚያነሱበት ሥዕል አይደለም፤ ዓመታት የተማረውን አንደበት ነው። ዕድገት ማለት አዲስ ቤት መጨመር ነው እንጂ የሰው ቤት ማንሳት አይደለም። ይህንን ለኮምፒውተር ሠሪዎች ብቻ የምለው እንዳይመስላችሁ። ሰፈር ለሚያፈርሱትም፣ የትምህርት ሥርዓት በየዘመኑ ለሚለዋውጡትም ይሆናል።

ወደ ፍላሼ ልመለስ። የእህቴን ልጅ ለማጽናናት የራሴን ጉድ ነገርኳት። ሳቀች መሰለኝ፤ ከዚያ ግን ቆጣ ብላ፣ «ጋሼ፣ ፋይሉ እኮ አልሞተም» አለችኝ። «ቁጥሮቹ አሉ። የጠፋው የትኛው ቁጥር የትኛው ፊደል እንደሆነ የሚናገረው ሠንጠረዥ ነው። ሠንጠረዡን ፈልግ።» እኔ ሥነ ጽሑፍ ያስተማርኩት ሰውዬ ይህን አላሰብኩትም ነበር! ስለ ሳባውያን ጽሕፈት አነባበብ ሳስተምር የኖርኩት ምን ሆኜ ነው? ጽሑፍ የሚሞተው ድንጋዩ ሲሰበር ብቻ አይደለም፤ አንባቢው ሲያልቅም ነው። አንባቢ ከተገኘ ደግሞ ይነሳል።

አንድ የቀድሞ ተማሪዬ አራት ኪሎ አካባቢ ማተሚያ ቤት አለው። ከጓዳው ማንም የማይነካው አንድ አሮጌ ኮምፒውተር አውጥቶ አቧራውን አራገፈ። ፎንቱ እዚያ ነበር። ለሁለት ሳምንት ቁጥርና ፊደል እያመሳከርን ሠንጠረዥ ሠራን። ከዚያ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሳጥኖቹ ተገለበጡና አክስቴ ተናገረች። ስድሳ ሦስቱም። ማተሚያ ቤቱ ውስጥ ቆሜ አለቀስኩ፤ ወጣቶቹ የሚያዩበትን አቅጣጫ አጡ።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ደስ ባለኝ። ግን ሳነብበው አንድ ነገር ቆረቆረኝ። አክስቴ «ጐ» ስትል አፏ ሞላ ብሎ ነበር የምትለው፤ «ቈ»ም «ኰ»ም እንዲሁ። ፋይሉ ውስጥ ግን ሁሉም «ጎ»፣ «ቆ»፣ «ኮ» ነው። ሠንጠረዡ ተሳስቶ ነው ብዬ ፈተሽኩ፤ አልተሳሳተም። ትዝ አለኝ። እነዚያ ፊደላት የነበሩት በሁለተኛው ፎንት ውስጥ ነበር። እነሱን ለመጻፍ በየቃሉ መካከል ፎንት መቀየር ያስፈልግ ነበር። ሌሊት ነው፣ እንቅልፌ መጥቷል፣ «ምን ልዩነት አለው» ብዬ በሰነፉ መንገድ ሄድኩ። ሠንጠረዡ ያጠፋሁትን በታማኝነት መለሰልኝ። ፎንቱ የደበቀው ተገኝቷል፤ እኔ ስጽፍ የጣልኩት ግን አይገኝም። ካሴቱ የለም፣ ደብተሩ የለም፣ አክስቴ የለችም።

ከዚህ በኋላ ነው ስለ ብራና ማሰብ የጀመርኩት። ዐድዋ አካባቢ ያለው የአባ ገሪማ ወንጌል በሬዲዮካርቦን ሲመረመር ዕድሜው በ4ኛውና በ7ኛው መቶ ዓመት መካከል ሆኖ ተገኝቷል። የእኔ ፍሎፒ ሃያ ዓመት አልሞላችም። ስለዚህ ብራና ይሻላል ብሎ መደምደም ቀላል ነው፤ ግን ሙሉ እውነት አይደለም። አብዛኛው መጽሐፋችን እኛ ዘንድ የደረሰው ብራናው ስለጠነከረ ብቻ አይደለም፤ በየትውልዱ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ስለገለበጠው ነው። አሮጌው ከፊቱ፣ አዲሱ ከጉልበቱ ላይ። ሲሳሳት ይፍቃል፣ የዘለለውን ከመስመሩ በላይ ይጨምራል፣ ሌላ ሰው ደግሞ ያይለታል። መገልበጥ ከማስቀመጥ የተለየ ሥራ ነበር።

በ1973 እ.ኤ.አ. የቤተ ክርስቲያናችን ፓትርያርክ ጽሕፈት ቤት ከውጭ ተቋማት ጋር ሆኖ የኢትዮጵያን የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ማንሳት ጀመረ። ከ9,000 በላይ መጻሕፍት ተነሡ። ያን ጊዜ ማይክሮፊልም የመጨረሻው ሥልጣኔ ነበር። ዛሬ የማይክሮፊልም ማንበቢያ ያለው ቤተ መጻሕፍት ፈልጉ እስቲ! ፊልሞቹ ተመልሰው በዲጂታል መገልበጥ ነበረባቸው። ፊልሞቹን ከያዙት ተቋማት አንዱ ሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል ውስጥ ነው ያለው፤ ከእህቴ ልጅ ቤት በመኪና አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ቢሆን ነው። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ እግራቸው የማይንቀሳቀስላቸው ሆነው እዚያ ተቀምጠው ለአሥርተ ዓመታት መጻሕፍቱን አንድ በአንድ አንብበው መዘገቡ፤ በ2021 እ.ኤ.አ. ዐረፉ። ፊልም ብቻውን ዝም ያለ ነገር ነው። ያናገረው የእሳቸው ንባብ ነው።

ታዲያ ያቺ አባባል ውሸት ናት? አይደለችም። እኔ ነኝ በደንብ ያላነበብኳት። «ይወረሳል» ነው እንጂ «ይኖራል» አላለችም። ውርስ ደግሞ ወራሽ ይፈልጋል። ቤት የወረሰ ሰው ጣሪያውን ካላደሰ ዝናብ ይወርሰዋል። የእኔ ጥፋት ማስቀመጥን ከመጠበቅ ጋር ማምታታቴ ነው።

በዚህ ነገር ብቻዬን አይደለሁም። እስቲ ከ1980ዎቹና ከ1990ዎቹ ዓ.ም. የተጻፉ የመመረቂያ ጽሑፎች፣ የእድር መዝገቦች፣ የቤተሰብ የትውልድ ሐረጎች፣ ያልታተሙ ልብ ወለዶች በስንት መሳቢያ ውስጥ በስንት ዓይነት ፎንት ተኝተው ይሆን? እናንተስ ቤት የለም? ፎንቱን የሚያውቁት የማተሚያ ቤት ሰዎች ዛሬ ጸጉራቸው ሸብቷል። አሮጌዎቹ ኮምፒውተሮች በኪሎ እየተሸጡ ነው። ሠንጠረዡን የሚያውቅ ሰው እያለ መገልበጥ የሁለት ሳምንት ሥራ ነው፤ ካለፈ በኋላ ግን የአርኪዮሎጂ ሥራ ይሆናል። ስትገለብጡም «ፕሮግራሙ ለወጠው፣ አለቀ» ብላችሁ አትነሡ። ቁጭ ብላችሁ አንብቡት። ዝም ብሎ የራሱን የሚሞላ ፕሮግራም ከሚጮኸው ይልቅ አደገኛ ነው፤ ይህንን የእህቴ ልጅ በፕላስቲክ ከፍላ ተምራዋለች።

እሷ ምን ላይ ደረሰች አትሉም? የድሮውን ክዳን ይዛ በማስመሪያ አንድ በአንድ ለካችው። አሮጌውን ፋይል ከፍታ እያንዳንዱን ቁጥር ከአዲሱ ፕሮግራም ጥያቄ ጋር አስተያየች፤ ስሙ የተቀየረውን ፈለገች፣ የተጨመረውን ሞላች። ፕላስቲኩን ከማባከኗ በፊት በወረቀት አትማ ታብሌቱ ላይ አስቀምጣ አየችው። አንዱ ረድፍ አሁንም አልገጠመም ነበር፤ አረመችው። ከዚያ በአዲስ ስም አስቀመጠችው፣ አሮጌውንም አልጣለችም። ክዳኑ ሲገጠምለት ልጁ መጀመሪያ አልነካም አለ። አመኔታው ተሰብሮ ነበር። በሦስተኛው ቀን ማታ እራት ላይ ጣቱን ሰደደና «ውኃ» አለ፤ በእናቱ ድምፅ። ሰጠችው። ጠጥቶ ሲያበቃ «ተዉኝ» አለ። እውነቱን ነው፣ ሁሉም ከብበው እያዩት ነበር።

አሁን የክዳኑን ቁጥሮች በእጇ ጽፋ ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፋዋለች። ከአንድ ገጽ አይበልጥም። «ጋሼ፣ እኔ ባልኖር አባቱ ሊሠራው ይችላል» አለችኝ።

እኔም የአክስቴን ሙሾ በዩኒኮድ አስቀምጬ በወረቀትም ሦስት ቅጂ አሳተምኩ። አንዱን ለቤተ መጻሕፍት፣ አንዱን ለዚያ ቡና አፍልተን ለሸኘነው ተመራማሪ፣ አንዱን ለራሴ። በእያንዳንዷ አጠራጣሪ «ጎ» ጎን በእርሳስ ትንሽ የጥያቄ ምልክት አድርጌያለሁ። ከአክስቴ ጋር ካለቀሱት አንዲት እንኳ በሕይወት ካለች ወርጄ ላስነብባት አስቤያለሁ። መንገዱ ይከፈትልኝ።